ጉልበቴን በላንጋኖ አሸዋ ስቀብር

ከአሰላ የተነሣሁት ጉልበቴን ፍለጋ ነው። ልጄ አልማዝ በጥር ትዳራለች፤ እኔ ግን ያለ ምርኩዝ ከደጄ አልወጣም። በልጄ ሠርግ ጥግ ይዤ ላጨብጭብ? ሞቼ እገኛለሁ! ሐኪሙ፣ «ላንጋኖ ይሂዱና ጉልበትዎን በሞቀ አሸዋ ይቅበሩት» ሲለኝ እኔ የገባኝ ጠበል ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዤ፣ ባሌን ግርማን አስከትዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ኢተያ ላይ ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል። ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ወደ ቆላው ወረድን። ናዝሬት ስንደርስ ጋቢዬን አውልቄ ለግርማ አሸከምኩት። ሌላ አውቶቡስ ይዘን፣ በሞጆ ዞረን፣ ዝዋይን አልፈን፣ መንገድ ዳር ወረድን። የቀረውን በጋሪ ሄድን፤ አቧራው አይጣል ነው።

ሆቴሉ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። ክፍላችን የሽቦ አልጋና አንድ ባልዲ አለው፣ ሌላ ምንም የለው። ለዚህ ሦስት ብር! የሐይቁም ውሃ እንደ ድፍርስ ጠላ ቀይ ነው። ይሄ ነው የሚያድነኝ?

ጠዋት

እህል ሳልቀምስ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ወረድኩ። ቄስ ብፈልግ የለም። ያለው ፈረንጅ ብቻ ነው፤ ሴቱም ወንዱም እርቃኑን ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ሰው ምን ነካው? ሁሉም እንደኔ መዳን ፈልገው የመጡ በሽተኞች መሰሉኝ። ከእያንዳንዱ አጠገብ እየቆምኩ፣ «እግዜር ይማርህ፤ እግዜር ይማርሽ» አልኩ።

«አንቺ ሴት፣ ኧረ አታዋርጂኝ!» አለ ግርማ።

የሆቴሉ ጠባቂ ኦቦ ቱፋ መጣ። «አዴ፣ እናቴ፣ እነዚህ እኮ አልታመሙም። ከፍለው ነው የሚተኙት፤ ደስ ይላቸዋል።»

«ጤነኛ ሰው ከፍሎ ራሱን ፀሐይ ያስመታል?»

ኦቦ ቱፋ ሳቀ። «እኔም እዚህ ስሠራ ስንት ጊዜዬ ነው፣ እስካሁን አልገባኝም።»

አሸዋውን ቆፍሬ ጉልበቴን ልቀብር ብል ወገቤ እምቢ አለኝ። ከተኙት አንዷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ተነሥታ መጣችና በሁለት እጇ እየዛቀች አለበሰችኝ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መጣች። ቋንቋ የለን፤ እኔ «እግዜር ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

መጀመሪያ ጉልበቴ ይባስ አበጠ። «አልማዝዬ፣ እናትሽ ቁጭ ብላ ልትድርሽ ነው» ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀመጠች። በማግሥቱም መጥታ አሸዋውን አለበሰችኝ።

መመለሻ

ጋሪ ላይ ስንወጣ ሴትዮዋ እየሮጠች መጣች። እጄን ያዘችና በተሰባበረ አፍ፣ «እግዜር ይማርሽ» አለችኝ። ለካ በየጠዋቱ ሰላም የምላት መስሏት ኖሯል! ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። «አሜን» አልኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ሳስበው ዋልኩ። ጤነኛና በሽተኛ ለይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እንጃ። ጠበል ነው እንዳልል ቄስ የለው፣ አይደለም እንዳልል ደግሞ አፌ አይደፍርም።

አሰላ ብርዱ ተቀበለን። ለጎረቤት ብዬ በጠርሙሱ የቀዳሁትን የሐይቁን ውሃ ግርማ ቀሚሴ ላይ ደፍቶት ስለነበር፣ ከመናኸሪያው ጀምረን ዳገቱን እየተጨቃጨቅን ደጃችን ደረስን። አልማዝ በር ላይ አፏን ይዛ ቀረች።

«እማዬ፣ ምርኩዝሽስ?»

እጄን ባየው ባዶ ነው። ወደ ግርማ ዞርኩ፤ እሱም ጋቢዬን ብቻ ነው የያዘው። አውቶቡስ ውስጥ ረስተነው ወርደናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ያዝልኝ ብዬህ አልነበር!» ብዬ ስጮህበት፣ አልማዝ እልልታዋን አቀለጠችው።