ለዳማ መድኃኒት ይዤ ወደ ዋጫ

ሐሙስ ጠዋት

ከቦንጋ የተነሳሁት ለአንድ ፈረስ ነው። ይህን ስል የሚስቅ አይጠፋም፤ የሚኒባሱ ረዳትም ስቋል። ከዋጫ ከተማ በላይ ባለ መንደር የሚኖሩ ጋሽ ወልዴ የተባሉ ገበሬ ፈረሳቸው በጉቶ ተወግቶ የኋላ እግሩ አብጧል። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈቃድ ላይ ስለሆነ ከቦንጋ ቢሮ እኔን ላኩኝ። ቁስሉን አጥቤ፣ የመጀመሪያውን መርፌ ወግቼ፣ ለአምስት ቀን ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሰጠውን ዱቄት አሰጣጥ ለቤተሰቡ አሳይቼ መመለስ ነበር ሥራዬ። ቀላል ነው ብዬ አንድ ቅያሪ ልብስ ብቻ ያዝኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ ግን ግማሽ ኪሎ ማርም ነበረ። መድኃኒቱ መራራ ስለሆነ በማር ለውሼ ፈረሱን ላታልለው አስቤ ነው። ከከተማ ወደ ማር አገሩ ካፋ ገጠር ማር ይዞ የወጣ ሰው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። የውሽውሽን የሻይ ማሳ ካለፍን በኋላ ዝናብ ጀመረ፤ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ቀኝ ትከሻዬ በሰበሰ። ከጎኔ የተቀመጡ መምህር፣ እንደ እኔ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ እዚህ ሲኖሩ ጃንጥላ ሳይዙ የወጡበት ቀን እንደሌለ ነገሩኝ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ረስቼ ነው የወጣሁት።

ዋጫ ሻይ በዳቦ ቀማምሼ በሞተር ሳይክል እስከ ድልድዩ ሄድኩ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሽቅብ በእግር። ከታች ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና ነው፣ ከፍ ሲሉ እንሰት። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። አንዱን ያየብኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ

ግቢው በሰው ተሞልቷል። የፈረሱን መታመም የሰሙ ሰባት ጎረቤቶች ገመድ ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል። «ዶክተር መጣች!» አሉ ጋሽ ወልዴ። ዶክተር አይደለሁም፤ ማረሙን ግን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ምርኩዛቸው ጭናቸው ላይ። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ጤና ጣቢያም የሚወስዳቸው ይኸው ዳማ የሚሉት ፈረስ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ እሱ ከሞተ እኔም ከዚህ ደጃፍ አልወጣም» አሉኝ።

ጋሽ ወልዴ ወደ ጓሮ ጎተት አደረጉኝ። «የፊተኛው ፈረሳችን የሞተብን በመድኃኒት ነው። እኛው በጠርሙስ አጠጣነው። በሦስተኛው ቀን እያሳለ ሞተ።»

ነገሩ ገባኝ። ራሱን ወደ ላይ ይዘው ሲግቱት መድኃኒቱ ወደ ሳንባው ገብቷል። ትምህርት ቤት ተምረነዋል። «አይስጉ ጋሽ ወልዴ፣ እኔ አውቅበታለሁ» አልኳቸው። ባልል ይሻለኝ ነበር።

ቁስሉን ማጠቡና መርፌው በሰላም አለፉ። ከዚያ ዱቄቱን በማር ለውሼ ወደ አፉ ሳስጠጋው ዳማ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ገመዱን በጥሶ ሁለት ሰዎች እንሰት ውስጥ ጣለ።

«ማር ነው እንዴ ያደረግሽበት?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ከጫካ ማር ጭኖ ሲመጣ ንብ ነድፎት ለጥቂት ነው የተረፈው! ማር ሸተተው ማለት ለሱ ንብ መጣ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ምነው አልጠየቅሽም?»

እልህ ያዘኝና ዱቄቱን በውኃ በጥብጬ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ቀዳሁ። ሰዎቹ ተረባርበው ያዙት፤ ገመዱን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው ራሱን ወደ ላይ ሳቡት። እኔም የተማርኩትን ረስቼ «ከፍ! ከፍ አድርጉት!» እያልኩ ጮህኩ። ዳማ አሳለ።

«ተይው!» አሉ ጋሽ ወልዴ። ገመዱ ተለቀቀ። ደረቱን ደጋግሜ አዳመጥኩ፣ ደህና ነው፤ መድኃኒቱ አብዛኛው ልብሴ ላይ ነው የፈሰሰው። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ማታ ቆጮና ጎመን ቀርቦልኝ እዚያው አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት

ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እትዬ አልማዝ እዚያው ዱካቸው ላይ ናቸው። ዳማ እያነከሰ መጥቶ፣ አንገቱን እስከ ጭናቸው ዝቅ አድርጎ ከመዳፋቸው ጨው ይልሳል። ማንም አልያዘውም። እሳቸው እንደ ልብ መቆም ስለማይችሉ ነው ፈረሱ ራሱን ማውረድ የለመደው። መድኃኒት የሚሰጠውም ራሱ እንዲህ ዝቅ ሲል ነው። ሲሪንጁን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እትዬ፣ ይህን ባዶ ሲሪንጅ ጨው ቀብተው ቢያስልሱትስ?»

አስላሱት። ቀጥሎ ጨው ያለበት ውኃ ሞላሁላቸው፤ በከንፈሩ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት፣ ጠብ ጠብ አደረጉለት። እያጣጣመ ዋጠ። ይህን ደጋገምነው። ወደ መድኃኒቱ ልንገባ ስንል ግን እነዚያ ሰባት ጎረቤቶች ገመዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

ሊረዳ የመጣን ሰው ሂድ አይባልም። እትዬ አልማዝ ለባለቤታቸው በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንኳን መጣችሁ፤ የጓሮው አጥር ወድቋል» አሉ። ሰዎቹ ረፋዱን ሙሉ አጥር ሲያጥሩ ዋሉ።

ጓሮ እንጨት ሲፈለጥ፣ ደጃፉ ላይ እትዬ አልማዝ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ሰጡት። ዳማ ፊቱን አጨማደደ፣ ትንሽ አዝረበረበ፤ ወዲያው ጨው አስከተሉለት። ጋሽ ወልዴ እንሰቱ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፣ ማየት አልቻሉም።

«ዋጠ?»

«ዋጠ» አልኳቸው።

ሳይዞሩ በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የማታውን እትዬ ብቻቸውን ሰጡት።

ቅዳሜ

የጠዋቱን ከሩቅ ሆኜ አየሁ። አላስፈለግኳቸውም፤ ደስ አለኝ። የቀረውን ዱቄት በየቀኑ ከፋፍዬ ጠቅልዬ ተውኩላቸው። ማሩንም ለጎረቤቶቹ ሰጠሁ፤ በዳቦ ይበሉታል። ቁልቁለቱን ሳልወድቅ ወርጄ፣ ከዋጫ ቶሎ የሞላ ሚኒባስ አግኝቼ ከመምሸቱ በፊት ቦንጋ ገባሁ።

በሳምንቱ እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። እትዬ አልማዝ ናቸው። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነኝ። ዳማ ነው ያመጣኝ፣ ቀስ እያለ። ሳልም የለውም» አሉኝ። ሳሉን ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ግቢ ቆሜ «ከፍ አድርጉት» ብያለሁ? ከመድኃኒቱ በኋላ እያሳሉ የሞቱ ሦስት ፈረሶች ትዝ አሉኝ። ለሦስቱም «በበሽታው ሞተ» ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ፤ ባለቤቶቹም አመስግነውኝ ነው የሸኙኝ። በዚህ ጉዞ የተማርኩት ጨው ማስላስ ብቻ ቢሆን በወደድኩ።

ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ለአንደኛው ባለቤት ደወልኩ። ድምፄን ሲሰሙ እንደ ድሮው «ዶክተር!» አሉኝ በደስታ። «አባባ» አልኳቸው፣ «ያ ፈረስዎ የሞተው በእኔ እጅ ሳይሆን አይቀርም።»