የሰርቨሩ ልብስ

ሥራ የጀመርኩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለገበሬው ማዳበሪያ በሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ገበየሁ አንዲት ጠባብ ክፍል ከፍተው ፍሪጅ የሚያህል ግራጫ ሣጥን አሳዩኝ። «ሰርቨር የሚሉት ይኼ ነው። ጉንደ ወይንና ቁይ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ ገበሬው ባዶ አህያ እየነዳ ይመለሳል» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። ደነገጥኩ። ዩኒክስ በሚባለው የሰርቨር ሥርዓት የሦስት ወር ሥልጠና ወስጄ የመጣሁ ጀማሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ ሣጥኑ ደግሞ ሌላ ቦታ አገልግሎ የመጣ አሮጌ ነው።

አሠልጣኛችን ደጋግሞ የነገረን የኮምፒውተር ጠላት አቧራ መሆኑን ነበር። ይህንን ለባለቤቴ ሳጫውታት ከወፍራም ከፋይ ጨርቅ ሽፋን ሰፋችለት። ቤታችን ያለውን ቴሌቪዥን ያለበሰችውን ዓይነት ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ አበባ ጠልፋበታለች። አቶ ገበየሁ አይተው «አሁን የሰው ዕቃ መሰለ» አሉ። ማታ ማታ ሰርቨሩን አጠፋለሁ፣ ሽፋኑን አለብሰዋለሁ፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቼ እወጣለሁ። ጠዋት ገልጬ አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሰርቨሩ ሌት ተቀን እንዲበራ አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት ትዕዛዝ መጣ። መጋዘኖቹ በስልክ መስመር ወደ ሰርቨሩ እየገቡ ገና በማለዳ ሥራ እንዲጀምሩ ነው። እኔም ማጥፋቱን ተውኩ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ይርሳው ወደ አዲሱ ሕንፃ ኬብል ዘረጉ። ጋሼ ይርሳው የመሥሪያ ቤታችን የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ እንጨት ሲወጡ የኖሩ፣ የኔትወርክ ኬብልም በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ናቸው። «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።

ከዚያ ችግሩ መጣ። ጠዋት ስገባ የሁሉም ቢሮ ኮምፒውተር ደርቆ አገኛለሁ። ከቁይ ይደውላሉ፣ ከጉንደ ወይን ይደውላሉ። ሰርቨሩ ራሱ አልሞተም፤ ፊቱ ተቀምጬ ትዕዛዝ ስጽፍ ይመልስልኛል። ከውጭ ግን ማንም አይደርስበትም። ከውጭ የሚያገናኘውን የኔትወርክ ካርድ በትዕዛዝ አጠፋለሁ፣ መልሼ አበራለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ እምቢ ይላል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ይነሣና ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያው ነው። ሰኞ ሰኞማ ቀርቶ አያውቅም።

ደብተር አበጀሁ። የተቋረጠበትን ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት፣ የሰጠሁትን ትዕዛዝ አንድ በአንድ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር እኮራበት ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ተጠጋ፤ መፍትሔ ግን የለም።

ግንቦት ላይ ቁይ ያለው ገበሬ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ አርፍዶ ማዳበሪያ ሳይወስድ የተመለሰበት ቀን ነበር። አቶ ገበየሁ ጠርተው «ጥፋተኛው ማን ነው? በጽሑፍ አምጣልኝ» አሉኝ። ምንድን ነው አላሉኝም፤ ማን ነው አሉኝ። እኔም ከጋሼ ይርሳው ኬብል በፊት ችግሩ እንዳልነበረ አስታወስኩ።

መጀመሪያ ለራሳቸው ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ያንን ኬብል ጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ደህና ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ከመዘርጋትዎ በፊት ለምን አልተቋረጠም?»

መፈተሻቸውን አንሥተው ኬብሉን ለአራተኛ ጊዜ ሊፈትሹ ሄዱ። እኔ ይህንን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። ሪፖርቱን ጻፍኩ፣ ስማቸውንም ጻፍኩ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ጋሼ ይርሳው ለቁይ መጋዘን ረዳትነት ተዛወሩ። ኬብል መጨመቂያቸውን፣ መፈተሻቸውን፣ የመሰላላቸውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ «ይረከቡኝ» አሉኝ። አንቱ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ቢሆንም ፈርሜ ተረከብኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኔትወርኩ አንዴም አልተቋረጠም። አቶ ገበየሁ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ለከፍተኛ ቴክኒሽያንነት ዕድገትም ታጨሁ። በልቤ የቀረችውን ጥርጣሬ አራገፍኳት።

በዘጠነኛው ቀን ማታ የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ የሻረግ ሽፋኑን አጥፈው ይዘው መጡ። «ጋሼ ይርሳው የሄዱ ዕለት ቆሽሾ አይቼ ወስጄ አጥቤልህ ነበር። ክረምት አይደል፣ ፀሐይ ጠፍቶ አልደርቅ ብሎ አስቸገረኝ፤ ይቅርታ» አሉኝ። ከወንበሩ ላይ ሳጣው ለእጥበት እንደወሰዱት ገምቼ ነበር፤ አመስግኜ ተቀበልኩና ሰርቨሩን አለበስኩት።

ጠዋት ስገባ ሁሉም ነገር ደርቋል።

ክው አልኩ። ጋሼ ይርሳው ቁይ ናቸው። ኬብሉን የነካ የለም። በትናንትና በዛሬ መካከል የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእጄ ይዤው ቆሜያለሁ። መዳፌን የሣጥኑ ጀርባ ላይ፣ ካርዱ ያለበት ቦታ አሳረፍኩ። አቃጠለኝ። ውጭ የማርቆስ ዶፍ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቧል። እዚህ ብርድ ውስጥ ማሽን በሙቀት ይታመማል ብሎ ማን ያስባል? እኔ እንኳ ስንት ጠዋት ሽፋኑን ስገልጥ እጄን በዚያ ሙቀት እያሟሟቅኩ ሥራ ጀምሬያለሁ።

ማመን ስላልፈለግኩ ሞከርኩት። ቀኑን ሙሉ አልብሼ ተውኩት፤ ወደ ማምሻው ካርዱ ደረቀ። ገለጥኩትና ምንም ሳልነካ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ ትዕዛዝ ሰጠሁ፤ በአንዴ ተነሣ። እነዚያ ሦስትና አራት ሙከራዎች ምንም አልሠሩም ነበር። እኔ ስታገል እሱ እየበረደ ነበር። ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩ። «ሽፋኑን ገለጥኩ» የሚል አንድ ቦታ የለም። ችግሩም የጀመረው ኬብሉ ስለተዘረጋ ሳይሆን፣ በዚያው ሰሞን ሰርቨሩን ሳላጠፋ ማልበስ ስለጀመርኩ ነበር።

ለአቶ ገበየሁ ስነግራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ጨርቁን አንሣው፤ ነገሩም እዚሁ ይብቃ። ዕድገትህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሰርቨር በከፋይ ጠቅልለው ኖሩ ብሎ እንዲስቅብን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። እፈልጋለሁ ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ በዚያ ዛሬም አፍራለሁ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ፣ የራሴን ስም አስገባሁበት፣ ግልባጩን ይዤ ቁይ ሄድኩ።

ጋሼ ይርሳው የዝናብ ካፖርት ለብሰው ጆንያ ሲያስቆጥሩ አገኘኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ጨርቁን ማን ሰፋው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ ናት።»

«እንዳይቆጧት። እሷ ልብስ ነው የሰፋችው።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እግዜር ይቅር ይበለን» አሉና ወደ ጆንያቸው ተመለሱ።

ዕድገቱ ቀረብኝ። ጋሼ ይርሳው በጥቅምት ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ከማዛወሪያው ደብዳቤ ይልቅ የመመለሻው ደብዳቤ ብዙ ቆየ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን። ሰላምታችን መልካም ነበር፣ ቤታቸውም ተጋብዤ በልቻለሁ። ግን አንድም ኬብል ብቻቸውን ነክተው አያውቁም። መሰላሉን ካቆሙ በኋላ ወደ ክፍሌ ይመጡና «ይምጡና ቆመው ይመልከቱኝ» ይሉኛል። እኔም ሄጄ እቆማለሁ። «ልጄ» ብለው ግን አልጠሩኝም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ማሽን ሲበላሽ ደብተራችሁ ላይ መጀመሪያ የራሳችሁ እጅ የሚያደርገውን ሁሉ ጻፉ፤ ክፍሉን ከመክፈት እስከ መዝጋት። የሰው ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።