ጫማ ሰፊ የሰፋው ማሰሪያ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ መጠጣቴን፣ መሳደቤን፣ ጾም መግደፌን ከዘረዘርኩ በኋላ እዚህ ላይ ስደርስ ይፍቱኝ ብዬ እነሳለሁ። ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናገሩ ለምን እንደቀለለኝ እንጃ። ምናልባት ሀዋን ስለማታውቋት ይሆናል።

ሀዋ አሶሳ ውስጥ ሱቅ ያላት የበርታ ሴት ናት። እኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስ የኮንትራት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ወለዱኝ። ከአዲስ አበባ ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች ባጃጅ ሲፈሩ አይታ ሀዋ የሕፃን የመኪና ወንበር ልታከራይ አሰበች። ያገለገለ በርካሽ እናገኛለን ብላት አሻፈረኝ አለች።

«ወንበር ያገለገለ ምን እንዳየ አይናገርም» አለችኝ። «ተጋጭቶ ይሆን፣ ወድቆ ይሆን፣ ማን ያውቃል? ልጅ አማና ነው፣ የአላህ አደራ።»

አዲስ አበባ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ኢድሪስ አዲሱን ከነካርቶኑ ገዝቶ ላከላት። ባከራየች ቁጥር የልጁን ኪሎ ትጠይቃለች፣ ማሰሪያውን በሁለት እጇ ትጎትታለች፣ ወንበሩን ይዛ ትወዘውዘዋለች። ወንበሩ የሚቀመጠው እኔ መኪና ውስጥ ነበር። ለልጅ እንጂ ለሌላ ለምንም እንዳላውለው አደራ ብላኛለች።

አንድ የማንጎ ወቅት ከባምባሲ ስመለስ ጣሪያ ላይ የጫንኩት የራሴ ማንጎ ገመዱ ተበጠሰ። አንዱ ጆንያ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ሌላ ገመድ አልነበረኝም፤ ወንበሩ ግን ነበረ። በንዴት ከጀርባው በኩል አንዱን የትከሻ ማሰሪያ በቢላ ቆረጥኩትና ጭነቱን አሰርኩበት። ሳይቆረጥ ሊፈታ ይችል እንደነበር ያየሁት ኋላ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ማን አስገደደኝ? ማንጎ!

አሶሳ ስደርስ ሁለቱን ቁራጭ ለጫማ ሰፊ ወሰድኩለት።

«የምንድን ነው?» አለኝ።

«የሻንጣ ማንገቻ።»

«ብዙ ይሸከማል?»

«ኧረ ቀላል ዕቃ ነው።»

ሰውየው እንደነገርኩት ለቀላል ዕቃ ሰፋልኝ። ለምን እውነቱን አልነገርኩትም? ሕፃን የሚታሰርበት ነው ብዬ ብነግረው አይሆንም እንደሚለኝ አውቅ ነበር። መልሼ አስገባሁትና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጫልቱ የምትባል እናት የሁለት ዓመት ልጇን ሲፈንን ባምባሲ ላለው ለልጅቷ አያት ልታሳይ መጣች። አስቀድማ ለሀዋ ደውላ «የተጋጨ ወይ የተጠገነ አይደለም አይደል?» ብላ ጠይቃት ነበር። ሀዋም «ወላሂ አዲስ ነው፣ ወንድሜ ነው የገዛው» ብላ ምላላታለች። ኤርፖርት ላይ ሀዋ እንደ ልማዷ ማሰሪያውን ጎተተችው፤ የእጇን ጉልበት ቻለ። ወደ እኔ ዞረችና «ከኋላስ?» አለች። «ደህና ነው» አልኩ።

ባምባሲ ልንገባ ስንል ከብት መንገድ ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። ስፌቱ ተተረተረ። ሲፈን ከወንበሯ ተፈናጥራ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላተመች፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ቀላል ዕቃ ያልኳት እሷን ነበር። እግዜር ይመስገን ድናለች፤ ጠባሳው ግን ዛሬም ከንፈሯ ላይ አለ።

ሀዋ ወሬውን ሰምታ ባገኘችው መኪና ከአሶሳ መጣች። ጫልቱ ሲፈንን ባደረስንበት ጤና ጣቢያ በር ላይ የተተረተረውን ማሰሪያ ይዛ ጠበቀቻት።

«አዲስ ነው ብለሽ ማልሽልኝ! ይሄ የጫማ ክር አይደለም ወይ? እህቴ ብዬ አምኜሽ!»

ሀዋ ክሩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ምን አልኩ?

«ኢድሪስ የተጠገነ ገዝቶ ልኮልሽ ይሆናል» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት፤ በዚህ አፌ። እሷም አመነችኝ። ኢድሪስ በስልክ በእናታቸው ቢምልም አልሰማችውም። ወንበሩን አቃጠለችው፤ ማከራየቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ወንድሟ የመጀመሪያ ልጁን ሲወልድ እንኳን ማርያም ማረችልህ የሚል ጎረቤት ሞልቶት፣ ከእህቱ አንድ ቃል አልደረሰውም።

እኔስ? ጫማ ሰፊው ነው ጉድ የሠራኝ እያልኩ ለዓመታት በሆዴ ሳጉረመርም ኖርኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ሰውየው የበደለኝ ምንድን ነው? ቀላል ዕቃ አልኩት፣ ለቀላል ዕቃ ሰፋ።

ያለፈው ዒድ ዕለት ሀዋ ቤቷ ጠራችኝ። ክርስቲያን ነው ብላ ሥጋ ያልነካው የባሚያ ወጥ ለብቻዬ ሠርታልኛለች። ድሮ ኢድሪስ የሚቀመጥበትን ቦታ አሳየችኝ።

«እዚህ ተቀመጥ» አለችኝ። «የእናቴ ልጅ ከዳኝ። አንተ አልከዳኸኝም።»

አጎረሰችኝ። ጎረስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ማሰሪያውን ከመቁረጤም፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከመዋሸቴም ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያንን ጉርሻ መዋጤ ነው።

ወንበር ምን እንዳየ አይናገርም ብላኝ ነበር። ወንበሩስ አፍ የለውም፤ እኔ እያለኝ ነው ዝም ያልኩት። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ድህነት ነው፣ ድንጋጤ ነው ብዬም አላመካኝም። ለእናንተ ተናግሬ ወደ እሷ ካልሄድኩ ዛሬም እየከዳኋት ነው። ነገ ጠዋት ሱቋ በር ላይ ቆሜ የምላት ይህን ነው፦ ሀዋ፣ ማሰሪያውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እኔን ይቅር አትበዪኝ። ለኢድሪስ ግን ደውዪለት።