ኖራ የተቀባው ድንበር

ረቡዕ፣ ከዲማ

የካቲት መግቢያ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሶዬን ቋጥሬ ከዲማ ወጣሁ። በደብሩ የምማረውን መጽሐፍ አጥፌ የተነሣሁት ለታላቅ ወንድሜ ለተሰማ ነፍስ ፈርቼ ነው። ጣሊያን በደብረ ማርቆስ ዳር የሠራው የአይሮፕላን ሜዳ የአባታችንን ርስት ሊነካ ደርሷል ሲሉ ሰማሁ። ተሰማ ደግሞ ጠመንጃ ደብቋል፤ ቁጣውም ቅርብ ነው። አንድ ጥይት ቢተኩስ ይሰቅሉታል።

ቤተሰብ ልጠይቅ በሄድሁ ቁጥር ሜዳው አድጎ ነው የሚጠብቀኝ። መጀመሪያ ከብት የሚግጥበት መስክ ነበር። ቀጥሎ ድንጋዩን አስለቅመው፣ ነፋስ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት በረጅም እንጨት ላይ ሰቀሉ። አምና ረግረጉን በጠጠር ሞልተው ዳር ዳሩን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደረደሩበት። ያንን ነጭ ድንጋይ አልፎ የገባ ይገረፋል።

ሲመሽ ቁይ ገባሁ፤ እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ሐሙስ፣ ከቁይ

ጧት ከማርቆስ የመጣ የጨው ነጋዴ ገበያው ጥግ አህያውን ሲያራግፍ አገኘሁት።

“ትናንት ስወጣ አይሮፕላኑ ሜዳውን ስቶ እርሻ ላይ ወረደ” አለኝ።

“የማን እርሻ?”

“እኔ ምን አውቄ፣ ዲያቆን! ወታደሩ ግን እንደ ንብ ሲተም አይቻለሁ።”

በሶዬን መልሼ ቋጥሬ ተነሣሁ። “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” የሚሉት ተረት ማርቆስ እስክደርስ ከጆሮዬ አልወጣም።

ደብረ ማርቆስ

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስሁ። ተሰማ ደጁ ላይ ተቀምጦ የነጣ እጁን በአመድ እያሸ ይታጠባል። በሕይወት ስላገኘሁት አለቀስሁ።

“ጋሼ፣ ጠመንጃውስ?”

“አልነካሁትም” ብሎ ወደ ማሳችን አመለከተኝ። ሽማግሌዎች ምለው የተከሏቸው የድንበር ድንጋዮቻችን በሙሉ ነጭ ሆነዋል።

“ምን አደረግህ?”

“ነጭ ድንጋይ ያከብራሉ አልሁ። የእኛንም ኖራ ብቀባው ድንበሬን ያውቁልኛል ብዬ ነዋ!”

አብራሪው ግን ከላይ ሲያየው ሜዳው የረዘመ መስሎት፣ ጤፉ በታጨደበት ማሳ ላይ በደኅና አረፈ። የጣሊያኑ ሹምም መጥቶ አፈሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና፣ በአስተርጓሚ “መሬቱ ጥሩ ነው፣ ወስደነዋል” አለ። ማን እንደቀባው እንኳ አልጠየቀም።

እሑድ፣ ዲማ

ቁጣው እስኪበርድ ብዬ ወንድሜን ይዤው ተመለስሁ። የወጣሁትም ለነፍሱ ነበር፤ ተመስገን። መንገዱን ሁሉ ጠመንጃውን ስፈራ፣ ርስታችንን የበላው ኖራው መሆኑን ግን ተማርሁ።

ከድንጋዮቹ አንዱንም አልነቀሉም። አሁን ሜዳው የሚያበቃው ልክ የአባታችን ርስት በሚያበቃበት ላይ ነው።