ለየሺ ያሳየኋት የጣት አያያዝ

ከንፋስ መውጫ የተነሳነው ጎህ ሲቀድ ነበር። ጓደኛዬን የሺን ሊሸኝ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መናኸሪያ ወጥቷል። አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት፣ እናቷ ዳቦ ቆሎ በፌስታል አስያዟት። እኔን የሸኘኝ ሰው የለም፤ ለአባቴ ሳልናገር፣ ለእናቴ ብቻ ሹክ ብዬ ነው የወጣሁት። ሚኒባሱ ውስጥ የሺ ዳቦ ቆሎዋን ስትዘረጋልኝ አልራበኝም አልኳት። ርቦኝ ነበር። ቅናቴ ከዚያች ጠዋት ይጀምራል።

የመተማን፣ የሱዳንን፣ የሊቢያን መንገድ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ያላያችሁት አትዩት። ባሕሩ ላይ ጀልባዋ ስትናወጥ የሺ መቀነቴን ክንዷ ላይ ጠምጥማ እስከ ማግሥቱ አልለቀቀችኝም። ይህን የምነግራችሁ የኋላውን ሰምታችሁ እንድትፈርዱብኝ ነው።

ጀርመን አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ደርሰን አንድ ክፍል ተጋራን። ሰው በብርዱ ሲያስፈራራን እንስቅ ነበር፤ የጋይንት ደጋ ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ? ግን የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህ አገሩ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሳያሳይ ተጭኖ ይቀመጣል። ዳቧቸው ጥቁር ነው፤ የገብስ መስሎኝ ስገምጠው ኮመጠጠኝና እንባዬ መጣ።

ስለ ሥራና ትምህርት የምታማክረን የቢሮ ሴት በአስተርጓሚ «ሆቢ አላችሁ?» አለችን። ሆቢ ምንድን ነው ብንል፣ ማንም ሳያዛችሁ ደስ ብሏችሁ የምትሠሩት ሥራ ማለት ነው አለን አስተርጓሚው። ካላዘዙኝማ አርፋለሁ ልል ስል የሺ «ጊታር» አለች። ጊታር በእጇ ነክታ አታውቅም። የሴትዮዋ ፊት በራ፤ ጻፈችና ወደ እኔ ዞረች። ምን ላድርግ? «እኔም» አልኩ።

እንዲህ ሆነን ለቅዳሜ ቅዳሜ የጊታር ትምህርት ተመዘገብን፤ ጊታርም አዋሱን። አስተማሪያችን ፍራው ሄልጋ፣ በእኛ ወይዘሮ ሄልጋ፣ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። የሺ ጣቶቿ ረጃጅም ስለሆኑ «ሴ» የሚሉትን ኮርድ፣ ብዙ ክር በጣት ተይዞ አንድ ላይ የሚመታውን ድምፅ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥርት አድርጋ አሰማች። የእኔን የግራ እጅ የቀለበት ጣት ግን ልጅ ሆኜ ገብስ ሳጭድ ማጭድ ቆርጦት ነበርና አይታጠፍም። ፍራው ሄልጋ አገላብጠው አዩትና፣ ክሩ የትኛው ጣት እንደነካው አያውቅም ብለው በእሱ ፋንታ ትንሿን ጣቴን እንዳስገባ አሳዩኝ። የሺ በየሳምንቱ አዲስ ኮርድ፣ እኔ ያንኑ «ሴ»።

አንድ ቀን አከራያችን ኸር ክላውስ፣ አቶ ክላውስ እንደማለት ነው፣ በራችንን አንኳኩ። ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት «ሩሄ» ነው፣ ጸጥታ ነው አሉ። ቀጥለው በሌላው ሰዓት የሺ ስትጫወት መስኮታቸውን ከፍተው እንደሚሰሙ ነገሯት። እኔስ ስጫወት አልኳቸው።

«አንቺማ የምትቃኚ መስሎኝ፣ መቼ ትጀምራለች እያልኩ ስጠብቅ ከረምኩ» አሉኝ።

የሺ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ የሺ የሆቴል ጽዳት ሥራ አገኘችና አንድ ቅዳሜ ቀረች። የዚያን ዕለት «ጌ» የሚባለውን ኮርድ ተማርን። «ጌ» በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው በሌባ ጣት፣ በመሃል ጣትና በቀለበት ጣት ነው፤ ሲይዙት ይቀላል፣ ግን ከ«ሴ» ወደ እሱ ለመዞር ሁሉም ጣት ተነስቶ አዲስ ቦታ መፈለግ አለበት። ሁለተኛው በመሃል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ነው፤ መጀመሪያ ያማል፣ ግን ሁለቱ ጣቶች እንደተያያዙ አንድ ክር ብቻ ይሻገራሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ፊት የምንጫወተው ዘፈን ከ«ሴ» ወደ «ጌ» የሚመላለስ ስለሆነ፣ ፍራው ሄልጋ ሁለተኛውን ያዙ አሉ። ለእኔ ጣትም የሚሆን ሌላ መላ ፈለጉልኝ።

የሺ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የተማራችሁትን አሳይኝ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያነሳሁ የመጀመሪያውን ዓይነት አስያዝኳት። ክሮቹ ጥርት ብለው ጮኹ።

«ሌላ አያያዝ አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ኸር ክላውስ ሳይቀሩ ፊት ተቀምጠዋል። የሺ «ሴ»ን አሳምራ መታች፤ «ጌ» ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ተበታተኑ። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። በሦስተኛው ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ ይቅርታ አለችና ተነሳች። ቀጥሎ እኔ በሽባ ጣቴ፣ በቀስታም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም፣ እጅግ ደስ አለኝ።

ሲያበቃ ፍራው ሄልጋ ወደ የሺ መጥተው ይህን አያያዝ ማን አሳየሽ አሏት። የሺ እኔን አየችኝ። ብዙም አላየችኝም፤ መጋረጃውን እንደምታይ አድርጋ ነው።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች።

ቤት ገብተን አልተጨቃጨቅንም። ትንሽ ብትሰድበኝ ምንኛ ደግ ነበር። ጊታሩን በማግሥቱ መለሰች፤ በሳምንቱ ሆቴሉ ባለበት ከተማ ክፍል አግኝታ ወጣች። ስልክ ስደውል አታነሳም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። የገብሱ አጨዳ ደርሷል፣ አባቴም ከእኔ ጋር ባይነጋገሩም ስሜን ማንሳት ጀምረዋል አለችኝ። ቀጥላ የሺን ጠየቀች። ደህና ናት አልኳት።

«መቼም አንድ ላይ ናችሁ፤ እስቲ ስልኩን ስጫት፣ ድምጿን ልስማው።»

«ሥራ ገብታለች፣ እማ።»

«እንግዲያስ ስትመለስ ደውሉልኝ። እጠብቃለሁ» አለችና ዘጋች።