ሞጣ ላይ ዝም ያልኩበት አይብ

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ቅባት ቀንሺ ስላለኝ፣ ልጄ ከሱቅ «ቅባቱ የተቀነሰ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አይብ ገዝታ አመጣችልኝ። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። ጥርሴ መካከል ሲጥ ሲጥ አለ። «ቅባት ስለሌለው እኮ ነው እማዬ» አለችኝ። አይደለም! ቅባት ስላነሰው ሳይሆን እሳት ስለበዛበት ነው። ይህን ቢቸና ውስጥ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ሰው የለም። የራሴ ነው ብሎ የወሰደብኝ ሰው ግን ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። የቢቸና ሴቶች የወተት ማኅበር አቋቁመው ክሬም የሚለይ ማሽን መጥቶላቸው ነበር፤ እኔም አይብ አውጪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የቤት አይብ ከአሬራ ነው የሚወጣው። የናጭ እጅ የቱንም ያህል ቢበረታ አሬራው ውስጥ ጥቂት ቅቤ ይቀራል፤ አይቡን የምታለሰልሰው ያቺ ናት። ማሽኑ ግን ጨካኝ ነው፤ ምንም አያስቀርም። እሱ ያሳለፈውን ወተት አርግተን እንደ ቤታችን ስንጥደው አይቡ ጎማ ይሆናል። የገዛን ሰው ሁሉ ለውሻ ሰጠሁት ይለን ነበር።

ወራት ታገልኩት። በመጨረሻ መላው ተገኘ፦ እሳቱን ማሳነስ፣ ጣቴ ሙቀቱን መቻል ሲያቅታት ድስቱን ወዲያው ማውረድ፣ ከድኖ መተው፣ ከዚያም ሳይጨምቁ አጓቱን ቀስ ብሎ ማጥለል። አይቡ ለስልሶ ወጣ። የዚያን ቀን በጎመን አቅርቤው የማኅበሩ ሴቶች ሳህኑን ጠርገው በሉት።

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አቶ ታደለ የሚባል የወተት ባለሙያ ነበረን። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል። ሁሉንም ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። እኔ ጣቴን ስነክር እሱ ቴርሞሜትሩን እየነከረ ቁጥሩን ጻፈ።

«ስመኝ፣ ባሕር ዳር ለሥልጠና የሚላክ ሰው ሲጠየቅ ያንቺን ስም ነው የምሰጠው» አለኝ።

አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ፤ በስሜ የተጻፈ የምስክር ወረቀት አይቼ አላውቅም። ለሰው አልነገርኩም እንጂ ለመንገዱ ጫማ ሳይቀር ገዝቼ ነበር። ስሙ ሲወጣ የራሱ ሆኖ ተገኘ። አይቡም «የእኔ ጥናት» ሆኗል። ደሜ ፈላ። ዝም ስል የረሳሁት መሰለው።

ከፋሲካ በኋላ የሞጣ ሴቶች እንዲህ ያለውን ማሽን ለመውሰድ አሰቡና «አይቡን ዓይናችን ይየው» አሉ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፤ ወተት የሚፈለግበት ጊዜ ነው። የደብረ ወርቅን አቧራ እየዋጥን ሄድን፤ እሱ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ ከማሽኑ ጋር። የሴቶቹ መሪ እትዬ ጥሩወርቅ ቤታቸው አሳደሩኝ፤ «ብዪ እንጂ ልጄ» እያሉ ቋንጣ ፍርፍር አጎረሱኝ። ሴቶቹ ለልጆቻቸው ያልሰጡትን ወተት ከየቤታቸው አመጡ። እኔ በእጄ እየለካሁ ተቀበልኳቸው፤ በማሽኑ አሳለፍነውና ለሁለት ቀን አረጋነው።

በሦስተኛው ቀን ከወረዳው የመጡ እንግዶች ጭምር በተሰበሰቡበት አቶ ታደለ «ይህን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጣደ። ቢቸና የምንሠራበት በስስ ብረት ድስት ነበር፤ ከእሳት ሲወርድ ቶሎ ይበርዳል። ሞጣ የቀረበልን ወፍራም የሸክላ ድስት ነው። ሸክላ ከወረደም በኋላ ማብሰሉን ስለማይተው ቀደም ብሎ መውረድ አለበት። እሱ ይህን አያውቅም። እኔ ድስቱን እንዳየሁ ገብቶኛል።

ቴርሞሜትሩ እሱ የጻፈው ቁጥር ላይ ሳይደርስ ወተቱ ጠርዝ ጠርዙን መቋጠር ጀመረ። ሥጋት ገባውና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ስመኝ፣ ላውርደው እንዴ?»

ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «እኔ ምን አውቄ ጋሼ! የሚያውቁት እርስዎ!»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ምን ይዋሻል፣ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቁጥሩ እስኪሞላ ጠበቀ፣ አወረደ፣ ከደነ። ሸክላው ውስጥ ውስጡን አበሰለው። አይቡ ሲቀርብ አንዱ እንግዳ አኝኮ አኝኮ «ይኼ የጫማ ሶል ነው እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

አቶ ታደለ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ችግሩ ወተቱ ነው፤ ውኃ ተጨምሮበታል» አለ።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መኪናው ሊነሳ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ በእጅሽ ነው የለካሽው። እውነት ወተታችን ውኃ ነበረው?»

የለውም ብል ታዲያ ምን አበላሸው ይሉኛል። ያን ከነገርኳቸው ደግሞ እያወቅሁ ዝም ማለቴ ይወጣል።

«እንጃ እትዬ» አልኩ።

የሞጣ ሴቶች ማሽኑን አልወሰዱም። እርስ በርስ «ውኃ የጨመረችው ማን ናት» እየተባባሉ ማኅበራቸው እንደ ፈረሰ በኋላ ሰማሁ። አቶ ታደለም ከሥልጠናው ተሰርዞ በሌላ ሰው ተተካ። በእሱ አንድ ቀንም ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እመልስለታለሁ።

ባሕር ዳር ልጠይቃቸው የምሄድ ልጆች አሉኝ። አውቶቡሱ ሞጣ ሲቆም ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ይወርዳል። እኔ መጋረጃውን ስቤ እቀመጣለሁ። ወተቱ ጠብታ ውኃ አልነበረውም፤ እንዲያ ያለ ወተት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በእጄ አልለካሁም።