ሳይከፈት የሚሞላው ሲንክ

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ተዳፋት ላይ ነው የተሠራው። ከመንገዱ በኩል ሲያዩት ተራ ቤት ነው፤ በጓሮ ዞረው ሲያዩት ግን ከሥሩ አንድ ምድር ቤት አለው። ቆርቆሮና ሚስማር ሳከማችበት የኖርኩትን ይህን ክፍል ባለቤቴ ዓሣ ቤት ላድርገው አለች። የግሸን ተጓዥ በከተማችን ማለፍ ሳይጀምር ለመክፈት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቃል ተገባብታለች። በቀኑ ካልተቀበለቻቸው ዓሣው ለሌላ ይሄዳል። ዓሣ ደግሞ እንደ ሚስማር ቆሞ ገዢ አይጠብቅም።

ዓሣ የሚታጠብበት ሲንክ ተተከለ። ፍሳሹ ግን መሄጃ አጣ፤ የቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ ያለው ከላይ በመንገዱ በኩል ነው። ከእናቴ መታጠቢያ የሚወርደው ቱቦ በምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር አልፎ ወደዚያው ይሄዳል። ቧንቧ ሠራተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ ቱቦውን አየና፣ «ከሲንኩ ሥር ትንሽ ፓምፕ እናስቀምጥና ወደዚያ ቱቦ ሽቅብ እንግፋው፣ ጋሼ» አለኝ።

እኔ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ፓምፑንም፣ ቱቦውንም፣ ማጣበቂያውንም ከራሴ መደርደሪያ አወረድኩ። ያኔ ዕቃ መሸጥና ዕቃ ማወቅ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ተገጠመ። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ውሃው ሽቅብ ሄደ፣ ባለቤቴ ደስ አላት። ክፍሉን ቆልፌ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ስመለስ ሲንኩ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ይዟል።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«ቁልፉ ያንተ ኪስ አይደል እንዴ?»

እውነቷን ነው። በፓምፑ አስወጣሁትና ቆለፍኩ። አመሻሽ ላይ ውሃው እንደገና ተኝቷል። በማግስቱ ጠዋትም እንዲሁ። ወደ ሲንኩ የሚመጣውን መስመር ከነጭራሹ ዘጋሁት፤ ሞላ።

«ሐይቁ ከሥር እየመጣ ይሆን?» አልኩ።

«ሐይቁ መጥቶ ወለሉን ዘሎ ሲንክ ውስጥ ይገባል?» አለች።

በዚያው ቀን የገዳሙ የኔታ ቆርቆሮ ሊገዙ መጡ። ምድር ቤት አውርጄ ሲንኩን አሳየኋቸው። «ጸበል ይሆን እንዴ፣ የኔታ?» አልኩ። ቀልድ ነበር፤ ግን ግማሹ ብቻ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ጸበል ሳሙና ሳሙና አይሸትም፣ ልጄ። ይሄ የሰው እጣቢ ነው።»

አፋቸውን ሳይዘጉ የዙህር አዛን ተሰማ። ከላይ እናቴ ለውዱእ ሊታጠቡ ቧንቧ ከፈቱ። ጣሪያው ሥር ያለው ቱቦ አንሾካሾከ፣ ፓምፑ ሥር ቡልቅ ቡልቅ አለ፣ ሲንኩ ዓይናችን እያየ ከሥሩ መሙላት ጀመረ። ለካ እናቴ በሰገዱ ቁጥር ነው የሚሞላው፤ ከላይ የሚመጣው ወደ ጉድጓዱ ከመሄድ በአዲሱ ቱቦ ቁልቁል ወደ እኛ መውረድ ቀሎታል።

ሠራተኛውን ጠራሁት። «ቼክ ቫልቭ ይፈልግ ነበራ! ውሃ ባንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ» አለ። እሱንም ከመደርደሪያዬ አወረድኩ። ጎኑ ላይ ቀስት ተስሎበታል።

«ቀስቱ ወዴት ነው የሚዞር፣ ጋሼ? እኔ ሽቅብ የሚሄድ ፍሳሽ ይሄ መጀመሪያዬ ነው።»

ያን ዕቃ ስንት ዓመት ሸጫለሁ። ገዢ ስለ ቀስቱ ከጠየቀኝ «የፋብሪካው ምልክት ነው» ብዬ አልፋለሁ። ለሠራተኛ ግን እንዲህ አይባልም። «የምንከለክለው የሚወርደውን ነው» አልኩ ኮስተር ብዬ፤ «ስለዚህ ቀስቱ የሚከለከለውን ያሳያል። ወደ ታች አዙረው።» ሻጩ እኔ ነኝና አመነኝ።

አሁንማ የባሰ መጣ። የላዩ ውሃ እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ የታቹ ግን አልወጣ አለ። ፓምፑ ያቃስታል፣ ሲንኩ ፍንክች አይልም። እኔ ፓምፑ ተቃጠለ አልኩ፤ ሠራተኛው መብራቱ አነሰ አለ። ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ዓሣው ነገ ነው። ደውዬ ተዉት ልበላቸው?»

ይህን ጊዜ እናቴ ግድግዳውን እየደገፉ ወረዱ። «የኔ ውዱእ ነው አሉ ልጆቼን ያስቸገረው?» አሉ። ቫልቩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይሄ ቀስት ለምን ቁልቁል ያያል?»

አስረዳኋቸው። እስኪያልቅልኝ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሐጅ የሄድኩ ጊዜ ያረፍንበት ክፍል ጣሪያው ላይ ለስግደት የቂብላ ቀስት ነበረ። በዚህ ዙሩ ነው የሚል ወይስ በዚህ አትዙሩ?»

ሠራተኛው እኔን አየኝ። እኔ ቱቦውን አየሁ።

ቫልቩን ቆርጦ ገልብጦ ገጠመው። ማጣበቂያው ሲደርቅ ፓምፑን አስነሳነው፤ ውሃው ሽቅብ ሄደ። ከዚያ የዐስር ሶላትን መጠበቅ ነው። አዛን ሲል እናቴ ከላይ፣ እኛ ሦስታችን ከታች ሲንኩ ላይ አቀርቅረን።

«ወረደ ወይ?» ብለው ተጣሩ።

«አልወረደም፣ እማ!»

«ቆይ፣ እግሬ ገና ነው!»

ቱቦው ተንሾካሾከ። ሲንኩ ደረቅ ነው። «አሁንስ?» አሉ። አሁንም ደረቅ ነው። ሠራተኛው ጣቱን አስገብቶ ጠረገና ጣቱን አሳየን።

ባለቤቴ ደወለች። «ዓሣውን በጠዋት አምጡት» አለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቃት። «አዎ፣ ተሠራ። ማን እንደሠራው? አማቴ ናቸው።»

ሠራተኛው መጋዙን ወደ ከረጢቱ እየከተተ ነበር፤ አልተከራከረም። እኔም የማጣበቂያውን ክዳን ገጠምኩ።